ማንም ነጥብ ያላኖረበት ተረተር

በላርች ፎርክ ሰው ዕድሜውን ቢጠየቅ ይናገራል። ክብደቱን ቢጠየቅ ጥቂት ቀንሶ ይናገራል። የመጀመሪያ ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች ቢጠየቅ እንኳ፣ አንድ ቢራ ከተጋበዘ፣ ከሥር ከመሠረቱ ይተርካል። ሃክልቤሪውን ከየት እንደለቀመ የሚጠይቀው ሰው ግን ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው።

ሃክልቤሪ የዋዛ ፍሬ አይደለችም። ከጥፍር ያነሰች፣ ሐምራዊነቷ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነች የተራራ ፍሬ ናት። ጓሮ ልትከልሽ ቢሏት በጄ አትልም፤ ብዙ ሰው ሞክሮ ብዙ ሰው አፍሯል። የምትበቅለው ራሷ በመረጠችው ተረተር፣ ራሷ በወደደችው ጥላ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ ያገኘ ሰው ቦታውን እንደ ነፍሱ ይደብቃል። ለሚጠይቅ መልስ አይጠፋም፤ መልሱም የሁሉም አንድ ነው፤ «ትንኝ ረግረግ አካባቢ» ይባላል። ትንኝ ረግረግ ከከተማው በስተሰሜን ያለ፣ ከጭቃና ከትንኝ በቀር ምንም የማይገኝበት ስፍራ ነው። ጠያቂው ውሸት መሆኑን ያውቃል። መላሹም ጠያቂው እንደሚያውቅ ያውቃል። ተሳስቀው ይለያያሉ። የአገሩ ጨዋነት ይኸው ነው።

ቨርና ሆልስታድ በዚህ ጨዋነት ተኮትኩታ ያደገች፣ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። የትምህርት ቤት ልጆች ታመላልሳለች፤ ቢጫው አውቶቡስ የራሷ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር በውል ነው የምትሠራው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ጫካ ለጫካ ሦስት ጊዜ አዟዙሮ፣ ዛፎቹም መንገዱን እንዳይለዩ የፈለገ ይመስል፣ ቃጠሎ ተረተር አደረሳት። ከብዙ ዘመን በፊት እሳት የበላው ተዳፋት ነው፤ እሳቱ በለቀቀው ቦታ ቁጥቋጦው እስከ ወገብ ደርሶ ፍሬው ቅርንጫፉን ያጎብጠዋል። «ይህን ቦታ ለማንም አትንገሪ፤ ለባልሽም ቢሆን» አላት። ባል ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ገና አታውቅም ነበር፤ እሺ አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ከሮይስ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስትኖር የት እንደምትለቅም ነግራው አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም። ነሐሴ ሲመጣ እሷ ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች፣ እሱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ይወጣል። ማታ እሷ ባልዲውን ሞልታ ትመለሳለች። እሱ ዘንጉን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት፣ በረዶው መስኮቱን ግማሽ ድረስ በሸፈነበት ወቅት ነው። ቨርና ከሦስት ዓመት በፊት ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ቤት በዋለችበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ከፈቃደኛ መላሾች ቡድን ውስጥ ተመዝግባ ነበር። ቡድኑ በመላ አገሪቱ የተበተኑ፣ ኩባንያና መሥሪያ ቤት የሚልክላቸውን መጠይቅ ሁሉ ለመመለስ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስብስብ ነው። ስለ ጥርስ ሳሙና ይጠይቋታል፤ ትመልሳለች። ስለ ውሻ ምግብ ይጠይቋታል፤ ውሻ የላትም፣ ግን ትመልሳለች። ቢጫ ካርቶን ስታይ ምን እንደሚሰማት ይጠይቋታል፤ «አውቶቡሴ ትዝ ይለኛል» ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ የዋፍል መጋገሪያ ተሸልማለች።

«የኔን ሐሳብ የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው እኮ» ትላለች ለሮይስ።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ሽልማት ስሰማሽ» ይላል ሮይስ።

አንድ ቀን ጠዋት እንቁላል ጥዳ ታብሌቷን ብትከፍት የራሷ ሸለቆ ፊቷ ተዘረጋ። የመጣው የአካባቢው የደን ጽሕፈት ቤት የትኛው ቦታ እንዲጠበቅ ለመወሰን ያዘጋጀው የካርታ መጠይቅ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ ለየቤቱ በፖስታ ልኮ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ምድጃ አቀጣጠለበት። መላሽ ሲያንሰው ወደ ፈቃደኛ መላሾቹ ዞረ፤ ከእነዚያ ሁሉ ሺህ ሰዎች መሃል ደግሞ የላርች ፎርኳ ቨርና ነበረች። «የሚወዱትን ቦታ በነጥብ ያመልክቱ» ይላል። ለውበት አረንጓዴ ነጥብ፣ ለዓሣ ሰማያዊ፣ ለጸጥታ ነጭ፣ ለዱር ፍሬ ቀይ።

ጣቷ ሳታዘው ወደ ቃጠሎ ተረተር ሄደ። እዚያው አየር ላይ ቆመ። ልቧ ጓዳ ገብቶ እንደተገኘ ሌባ ልብ ይመታል። ከዚያ ጣቷን ወደ ሰሜን አፈፍ አድርጋ ትንኝ ረግረግ ላይ አምስት ቀይ ነጥብ አከታትላ ተከለች። ላከችው። እንቁላሉ ገና አልበሰለም ነበር።

«ምን ጠየቁሽ ዛሬ?» አለ ሮይስ ፂሙን እየተላጨ።

«ስለ ጥርስ ሳሙና» አለች ቨርና።

ሐምሌ ላይ የደን ጽሕፈት ቤቱ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰበ። ካርታውን ያዘጋጀችው ታምሲን ኦኩዳ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ከባሕር ዳርቻው ትልቅ ከተማ በመጋቢት ነው የመጣችው። ጫማዋ አዲስ፣ ትጋቷም አዲስ ነበር። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥራ የመጀመሪያውን ካርታ አበራችበት።

«ይህ ፈቃደኛ መላሾች ከመላ አገሪቱ ያኖሯቸው ነጥቦች ናቸው» አለች።

ነጥቦቹ አውራ ጎዳናውን ይዘው እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል። ደኑን በመኪና መስኮት እንኳ አይተውት የማያውቁ ሰዎች ጣታቸው ያረፈበትን ሁሉ ነክተዋል። አንዱ የፍሎሪዳ ሰው «ዓሣ የማጠምድበት» ብሎ ሰማያዊ ነጥቡን የተራራው አናት ላይ፣ በረዶው መሃል ሰክቶታል።

«መሰላል ይዞ ነው እንዴ የሚያጠምደው?» አለ ከኋላ በርል ኬተርማን። በርል ጡረታ የወጣ እንጨት ቆራጭ ነው፤ በየዓመቱ በሃክልቤሪ ፓይ መጋገር ውድድር ላይ ቨርናን ለማሸነፍ ይመጣል፣ በየዓመቱም ተሸንፎ ይሄዳል። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «እነዚህ ሥራ ፈቶች ናቸው ስለኛ ደን የሚፈርዱት?»

ቨርና ወንበሯ ላይ ዝቅ አለች። ከሥራ ፈቶቹ አንዷ መሆኗን ከሮይስ በቀር የሚያውቅ የለም። ሮይስ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ይህ ደግሞ የእናንተ ነው» አለች ታምሲን። «በፖስታ ከመለሳችሁት ከሠላሳ አንዱ ቤት።»

አንሶላው ላይ የታየው ካርታ አንድ ቦታ ብቻ ኩፍኝ የወጣበት ነበር። ሠላሳ አንድ ቤት ቀይ ነጥቡን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ትንኝ ረግረግ ላይ ከምሮታል።  መጀመሪያ የበርል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንባውን የሚጠርግ፣ የጎረቤቱን ጀርባ የሚደልቅ፣ «አንተም?» «አንቺም?» የሚባባል ሆነ።

ታምሲን ሳቁ የደስታ መስሏት ፊቷ በራ። «ቦታው ለእናንተ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ይገባኛል» አለች። «ስለዚህ ረግረጉ ይጠበቃል። በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ይሠራል። አግዳሚ ወንበርም ይኖረዋል።»

«ለትንኞቹ መቀመጫ!» አለ በርል፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«ለመንገድ ጥገና የሚሆነው የጠጠር ካባ ደግሞ» ቀጠለች ታምሲን «በሁለቱም ካርታ ላይ አንድ ሰው እንኳ ነጥብ ባላኖረበት ቦታ ይከፈታል። ለካባ ከታጩት ቦታዎች ማንም የማይወደው እሱ ብቻ ነው። ቁጥር አሥራ አራት።» በእንጨት ዘንግ ጠቆመች።

ቁጥር አሥራ አራት ቃጠሎ ተረተር ነበር።

ሰው እየሳቀ ወጣ። ቨርና ወንበሯ ላይ ቀረች። አርባ ዘጠኝ ዓመት በዝምታ የጠበቀችውን ቦታ ያው ዝምታዋ አሳልፎ ለዶማ ሰጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የቨርና ቆጥ ላይ መጀመሪያውንም ምንም አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ደረሰች።

«ቁጥር አሥራ አራትን ተይው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ወይዘሮ ሆልስታድ፣ እኔ በነጥብ ነው የምሠራው» አለች ታምሲን በትሕትና። «እርስዎ መጠይቁን ሞልተዋል?»

«በኢንተርኔት። ፈቃደኛ መላሽ ነኝ፤ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች ቨርና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ታምሲን ኮምፒውተሯን ነካካች። ፊቷ ላይ ኀፍረት ነገር መጣ። «የእርስዎ... ከተጣሉት ውስጥ ነው።»

«የተጣሉት?»

«ከሦስት ደቂቃ በታች የጨረሱትን አንቆጥርም። ሳያስቡ የሚነካኩ ሰዎች ናቸው። እርስዎ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነው የፈጀብዎት።»

ቨርና በሕይወቷ እንዲህ ተሰድባ አታውቅም። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ውሸት፣ ተጠንቶና ተወልውሎ የኖረ ውሸት፣ በችኮላ የተሠራ ተብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ገባ!

«አስቤበት ነው!» አለች።

«ትንኝ ረግረግ ላይ አምስት ነጥብ?»

«አስቤበት ነው የዋሸሁት!»

የታምሲን እጅ አየር ላይ ቀረ። ቨርና አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ግን የወጣው ወጥቷል። ተቀመጠችና የቀረውን ጨረሰችው። ረግረጉ ውስጥ ፍሬ በቅሎ እንደማያውቅ፣ ሠላሳ አንዱም ቤት እንደዋሸ፣ የከተማው ወግ እንዲህ መሆኑን፣ እውነተኛው ቦታዋ የት እንደሆነ ሁሉን ዘረገፈችው።

«ሁሉም?» አለች ታምሲን።

«ሁሉም፣ ልጄ።»

«የመተላለፊያው ንድፍ እኮ አልቋል» አለች ታምሲን ግንባሯን ይዛ። ከዚያ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። «ለአለቆቼ ‹ከተማው በሙሉ ዋሽቷል፣ ቨርና ነግራኛለች› ብዬ መጻፍ አልችልም። ግን መጠይቁ ለማሟያ እስከ እሑድ ቀትር ክፍት ነው። እንደ እርስዎ በፈቃዱ የተመዘገበ ሁሉ መመለስ ይችላል። ሃያ የተለያዩ ሰዎች ያን ተረተር ካመለከቱ፣ ካባው እንደገና መጠናት አለበት፤ ደንቡ ነው።»

«ሃያ ሰው።»

«ሃያ። ደግሞ እባክዎ፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ።»

ሐሙስ ነበር። ቨርና አውቶቡሷ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ሞተር ሳታስነሳ ተቀመጠች። ቦታውን ለማዳን ለሃያ ሰው መንገር አለባት፤ ለሃያ ሰው ከነገረች ደግሞ ቦታው የሷ አይደለም። አባቷ ለማንም አትንገሪ ሲላት ስለ ካባ ያለው ነገር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ምን ይል ነበር? ቁጥቋጦዎቹን አሰበች፤ ጠዋት ጤዛ ሲይዛቸው፣ አንዲት ወፍ ሰውን ሳትፈራ እዚያው ስትለቅም። ያ ሁሉ ጠጠር ሆኖ የመንገድ ጉድጓድ ሲሞላ ታያት። ሞተሩን አስነሳች።

የዶቲ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ይሞላል። ቨርና በሩ ላይ ቆማ፣ ልጆች ዝም በሉ በምትልበት ድምፅ ተናገረች።

«ስሙኝ! እኔ ሃክልቤሪ የምለቅመው ቃጠሎ ተረተር ነው። ካባው የሚከፈትበት ቦታ ነው። ሃያ ሰው ያስፈልገኛል።»

ሹካዎች ቆሙ። ዶቲ የያዘችው ሾርባ ከጭልፋው ተንጠባጠበ። ከዚያ በርል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው ውሸት! ቨርና ቃጠሎ ተረተር ላይ ትለቅማለች! እኔ ደግሞ ከባንኩ ጣሪያ ላይ ነው።»

«እውነቴን ነው፣ በርል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። እኛ ሁላችን ቃጠሎ ላይ ስንርመጠመጥ አንቺ እውነተኛው ቦታሽ ላይ ብቻሽን ልትንደላቀቂ!» ዘወር ብሎ ለቤቱ ተናገረ፤ «ያባቷ ልጅ! አባቷም አንድ ጊዜ አባቴን ሙሉ ቀን ድንጋይ ለድንጋይ አንከራትቶታል።»

ዶቲ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ቨርናዬ፣ ቀልድም ቢሆን እንዲህ በአደባባይ ቦታ አይጠራም። የአባትሽ አጥንት እሾህ ሆኖ ይወጋሻል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ቨርና ግን የቀራት ሦስት ሌሊት ብቻ ነበር።

ቤቷ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ወደቀች። «አላመኑኝም» አለች።

«ዕድሜሽን ሙሉ እንዳያምኑሽ ስታሠለጥኛቸው ኖረሽ» አለ ሮይስ ድንች እየላጠ።

«ላንተም አሁን ነገርኩህ ማለት ነው። ቃጠሎ ተረተር ነው።»

ሮይስ ድንቹን አገላብጦ አየው። «እንዴ!» አለና ወደ መላጡ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ «አውቶቡስ አለሽ አይደል? ሰው ያላመነውን ወስደሽ ብታሳዪው ምን ይላል?» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ቢጫው አውቶቡስ ዶቲ ምግብ ቤት ፊት ቆሞ ክላክሱን እስኪበቃው አስጮኸ። ቨርና በመስኮት ብቅ ብላ «የማያምነኝ ሁሉ ይግባ! ውሸት ከሆነ የዘንድሮውን ፓይ ውድድር ለበርል እለቅለታለሁ!» አለች። ይህን የሰማ ማን ይቀራል? ሃያ አምስት ሰው ገባ። ወንበሩ ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ ነውና የሁሉም ጉልበት አገጩን ነካ።

«በርል፣ ቁጭ በል! አውቶቡስ ሲሄድ አይቆምም!»

«እሺ እትዬ!»

«የማን እጅ ነው በመስኮት የወጣው?»

«ዶቲ ናት የቆነጠጠችኝ!» አለ በርል፣ በሕፃን ድምፅ።

አስፋልቱ አለቀ፣ የእንጨት ጫኝ መኪናዎች የድሮ መንገድ ተጀመረ። ሮይስ ከሹፌሩ ኋላ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቧራው፣ ቅጠሉ፣ ጠመዝማዛው ተከተለ። ቨርና መታጠፊያው ላይ ልትደርስ ስትል ሮይስ ጎንበስ ብሎ «ቀስ በይ፤ ከመታጠፊያው ኋላ ውኃ የጠረበው ቦይ አለ» አላት።

ፍሬን ያዘች። መታጠፊያው ሲያልቅ ቦዩ በእርግጥም እዚያው ነበር። ቨርና አውቶቡሱን አቆመችና ዓይኗን ወደ ስፖኪዮው አነሣች። በዚያ መስታወት የሺህ ልጆችን ውሸት ከዓይናቸው አንብባለች።

«ሮይስ። ቦይ እንዳለ በምን አወቅህ?»



«ዓሣ ሳጠምድ» አለ ሮይስ።

«እዚህ ወንዝ የለም።»

«መሰላል ይዞ ነው!» አለ በርል ከኋላ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም መልሱን መስማት ፈልጓል።

ሮይስ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ብሎሽ እየተሳብሽ የመጣሽ ጊዜ... ከዚያ ወዲህ ብቻሽን ልተውሽ አልቻልኩም። ከታች አንድ ጉቶ አለ። እሱ ላይ እቀመጣለሁ። ድብ ቢመጣ እጮሃለሁ ብዬ።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ሳንድዊች ይዤ ነው የምሄደው።»

ቨርና መቆጣት ይሁን ማልቀስ ይሻላት አላወቀችም። ማርሽ ቀየረች። የመጨረሻውን ዳገት እስኪወጡ ድረስ ደጋግማ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ አቧራው ነው አለች።

ከዚያ ወረዱ። ከጥቁር ግንዶቹ መሃል ቁጥቋጦው እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል። የታችኛው ረድፍ መብሰል ጀምሮ ቅርንጫፉ ላይ ሐምራዊ ጠብታ ይመስላል። ሃያ አምስቱ ሰዎች ቆሙ። ዶቲ «ኧረ በስመአብ» አለች በለሆሳስ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ጀርባውን አዞረ፤ የጎረቤቱን ሚስት በሌሊት ልብሷ ሳያስበው እንዳየ ሰው ነበር ሁኔታው። እሱን አይተው ሌሎችም አንድ ሁለት እያሉ ዞሩ።

በርል ግን አንዲት ፍሬ ቆርጦ አፉ ውስጥ ጨመረ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ተቆጥቶ ነበር።

«ቨርና! እውነትሽን ነው እንዴ?»

«ስነግርህ!»

«እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትነግሪኛለሽ? አሁን እኔ ምን ልሁን? አየሁት እኮ! ያየሁትን እንዴት አድርጌ ነው የማላየው?»

«ነገ እስከ ቀትር ነጥብህን ታኖርና ከዚያ ትረሳዋለህ» አለች ቨርና። «ሁላችሁም። በኢንተርኔቱ በፈቃዳችሁ ተመዝገቡ፣ ካርታውን ክፈቱ፣ ቀዩን ነጥብ እዚሁ አኑሩ። ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንዳትልኩት፤ ጅል ናቸው ይሏችኋል።»

አንድም ሰው አንዲት ፍሬ ሳይጨምር አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። በመልሱ መንገድ ቀልድ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ቨርና ታብሌቷን ከፍታ ካርታው ፊት ተቀመጠች። ጣቷን ቃጠሎ ተረተር ላይ ወሰደችው፤ በትክክል መሃሉ ላይ። ልትነካው ስትል ያ የፍሎሪዳ ሰው ትዝ አላት። ካርታው ነገ ለሁሉ ይታያል። ያ ሰው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ፣ ባልዲ ይዞ፣ ምናልባትም መሰላሉን ይዞ ቢመጣስ? ጣቷ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። ብዙ አልራቀም፤ አለቱ ዘንድ፣ ከመጨረሻው ቁጥቋጦ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ነጥቧን አኖረች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። እኔ ብቻ ነኝ ትንሽ የዋሸሁት፣ ሌሎቹ በትክክል ያኖሩታል፣ አለች ለራሷ።

ከቀትር በኋላ ታምሲን ደወለች። «ሃያ ስድስት ሰው! ሃያ ስድስት፣ ወይዘሮ ሆልስታድ! አንድም የቸኮለ የለም። አንድ ሚስተር ኬተርማን የሚባሉ ሰው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው የፈጀባቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ግን አንድ ነገር አለ። ይምጡና ይዩት።»

ቨርና ሄደች። ኮምፒውተሩ ላይ ቃጠሎ ተረተር በቀይ ነጥብ ተከቧል። የበርል ከሰሜን ከገደሉ አፋፍ ነው፣ የዶቲ ከመንገዱ በታች፣ የሮይስ ጉቶው ላይ፣ የቨርና አለቱ ዘንድ። ሃያ ስድስቱም ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው፣ እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ፣ አንድ የተስተካከለ ቀለበት ሠርተዋል። መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ የለም። እንደ እንቁላል አስኳል ባዶው ጎልቶ ይታያል።

«ወይዘሮ ሆልስታድ፣ መሃሉ ላይ ምንድነው ያለው?» አለች ታምሲን። የምታውቀውን ነው የጠየቀችው።

«ድንጋይ» አለች ቨርና። ወዲያው ካባ ድንጋይ እንደሚወድ ትዝ ብሏት «ድንጋይ አይደለም! እባብ ነው። የእባብ መዓት» አለች።

ታምሲን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ቁልፎቹን እየመታች፣ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች፤ «ነዋሪዎቹ ቦታውን በዙሪያው አመልክተዋል። ቀለበቱን ሳይነኩ ወደ መሃል መንገድ ማስገባት ስለማይቻል ካባው ወደ አሮጌው የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ይዛወር።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «የመሃሉን እባብ አልጻፍኩትም» አለች።

ካባው በእርግጥ ተዛወረ። ቨርና ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። ሃያ አምስት ሰው መንገዱን ያውቃል። ነሐሴ ገብቶ ፍሬው ሲበስል ባልዲዋን ይዛ ለመውጣት ከበዳት፤ ዛሬ ነገ ስትል ሳምንት ዘገየች። በመጨረሻ ሮይስ ዘንጉን ጥሎ ባልዲ አንሥቶ በር ላይ ቆመ። አብረው ሄዱ።

ተረተሩ ላይ ሰው ነበር። በርል በሰሜን በኩል አጎንብሷል፤ ዶቲ ከታች አለች፤ ሌሎችም ሦስት አራት እዚህም እዚያም። ሁሉም ቨርናን አዩ፤ አንዱም ሰላም አላላትም። እንደ ወጉ ጀርባቸውን አዞሩና እዚያ እንደሌሉ ሆኑ። ቨርናም እንዳላየች ሆና አለፈች። ዳር ዳሩ ቁጥቋጦ ተለቅሞ አረንጓዴ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። ከዚህ በላይ ሄዶ ምን ይገኛል ብላ ልቧ ወረደ። ግን ሄደች።

መሃሉ ጋ ስትደርስ ቆመች። አባቷ መጀመሪያ ያሳያት ቦታ ነው። ዙሪያውን ሃያ እርምጃ ያህል አንድም እጅ አልነካውም። ፍሬው ቅርንጫፉን መሬት አስነክቶ፣ ጠዋት ጤዛው እንዳረፈበት፣ ሙሉውን ቁጭ ብሏል። ወደ በርል ዞረች። በርል ጀርባውን እንደሰጠ ነው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«ምነው ቆምሽ?» አለ ሮይስ። እጁን ሰዶ አንድ ጭብጥ ፍሬ ከነቅጠሉ ከነእንጨቱ ባልዲው ውስጥ ከተተ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቅጠሉን ለማን ልታበላው ነው?» አለች ቨርና። ተንበረከከችና እጁን ይዛ አሳየችው። «በአውራ ጣትህ ንካት እንጂ አትጎትታት። የበሰለች ከሆነች ራሷ ትመጣለች።»